መከላከያ የሌለው መላጫ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት 9 ቀን 2017

ሥራው ይህ ነው፦ ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ከሚገባበት የድሮ የጢም መላጫ ላይ፣ ከስለቱ ሥር ወጣ ብሎ ቆዳን የሚነካውን የመከላከያ ዘንግ ቆርጦ ማንሳት። የሚነሳው ከአንድ ጎን ብቻ ነው። ሌላው ጎን እንደ ነበረ ይቆያል፤ ፊት በሙሉ የሚላጨው በእሱ ነው። የተገለጠው ጎን ለጢም መስመር፣ ለጆሮ ሥርና ለብዙ ቀን ላደገ ጢም ነው። መስመር ሲወጣ ዘንጉ ስለቱን ከዓይን ይከልለዋል፣ ረጅም ጢም ደግሞ በዘንጉና በስለቱ መካከል ከሳሙናው ጋር እየታጨቀ ያስቸግራል።

ጠረጴዛው ላይ አራት መላጫዎች አሉ። አንደኛው ባለ ሦስት ክፍል የድሮ የጂሌት ቴክ ዓይነት ነው፤ ክዳን፣ ምላጩ የሚያርፍበት መቀመጫና እጀታ አለው። ሁለት ትርፍ መቀመጫ አብሮት መጥቷል። ሁለተኛውም ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ ግን በዘንግ ፋንታ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጠቀ ጥርስ አለው። ሦስተኛው ስም ያልተጻፈበት፣ ቀለል ያለ፣ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ያበጠ ነው። አራተኛው እጀታው ሥር ያለው ጉብታ ሲዞር ክዳኑ ለሁለት የሚከፈት ነው።

ከመቁረጥ በፊት መጀመሪያ የሚታወቀው ብረቱ ነው። ማግኔት እዚህ አይረዳም፣ ነሐስም የዚንክ ቅይጥም አይሳቡም። ከመቀመጫው ግርጌ፣ እጀታው በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን ሞረድ አንድ ጊዜ ጫር ይደረጋል። ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፤ ግራጫ ከወጣና ቅሪቱ እንደ አሸዋ ከተፈረፈረ የዚንክ ቅይጥ ነው። ክብደትም ይናገራል፤ ነሐስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 8.5 ግራም ገደማ ሲመዝን ቅይጡ 6.7 ገደማ ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ነሐስ ናቸው፤ ሦስተኛው ቅይጥ ነው።

ባለ ሦስት ክፍሉ ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚነካው መቀመጫው ብቻ ነው። ክዳኑና እጀታው ሳይጎዱ ይቀራሉ፣ ሐሳብ ከተለወጠም ያልተቆረጠውን መቀመጫ መልሶ ማስገባት ነው። ትርፍ መቀመጫ የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

ጥቅምት 10

ማጽዳት። ሦስቱ ክፍሎች ተፈታትተው በሞቀ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና 30 ደቂቃ ተዘፈዘፉ፤ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ተፈተጉ። በመቀመጫው ቀዳዳዎች ውስጥ የደረቀው የሳሙና ድንጋይ በዚህ ብቻ አልለቀቀም። አንድ እጅ ኮምጣጤ በአራት እጅ ውኃ ተበርዞ 10 ደቂቃ ብቻ ተነከረ፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ ሽፋኑ በተላጠበት በኩል ኮምጣጤው ነሐሱን መብላት ይጀምራል፣ ቦታውም ወደ ሮዝ ይቀላል። መቅላቱ ዚንኩ እየለቀቀ መዳቡ ብቻ መቅረቱን ነው የሚያሳየው። በረኪና አልተጠቀምንም፤ ሽፋኑንም ብረቱንም ያበላሻል።

ያገለገለ መላጫ የማንን ደም እንደነካ አይታወቅምና መቀቀል አለበት። እዚህ ላይ የከፍታውን ነገር መርሳት አይገባም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያልፋል፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ እንጂ 100 ላይ አይደለም። ቆላ ላይ 20 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ 30 ደቂቃ ተደረገ። እጀታው ፕላስቲክ የሆነ አይቀቀልም፤ በ70 በመቶ አልኮል ይታሻል።

ጥቅምት 12

ልኬት። ምላጩ ከስለት እስከ ስለት 22 ሚሊ፣ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ነው። መቀመጫው ዘንጉ አጠገብ 1.2 ሚሊ ይወፍራል። ምላጭ ገብቶ እጀታው ከጠበቀ በኋላ በስለቱና በዘንጉ መካከል ያለው ክፍተት መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት በሚለኩበት ፊለር ጌጅ ተለካ፦ በአንዱ ጎን 0.60፣ በሌላው 0.75። መቀመጫው የተጣመመ መስሎ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ምላጩ ወደ አንድ ወገን ተንሸራትቶ መጥበቁ ነው። እጀታው ግማሽ ዙር ላላ ተደርጎ፣ ክዳኑ በአጭር ጫፎቹ በኩል በሁለት ጣት ተጨብጦ እንደገና ሲጠብቅ በሁለቱም ጎን 0.65 ሆነ። ይህን ሳያስተካክል የሚቆርጥ ሰው ኋላ የስለቱ መወዛወዝ ከመቁረጡ ይሁን ከአጠባበቁ መለየት አይችልም።

ስለ ዘንጉ ሥራ እዚህ ጋ ሰፋ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ዘንጉ አራት ሥራ አለው። ከስለቱ ቀድሞ በቆዳው ላይ ስለሚሄድ ቆዳውን ይወጥረዋል። ከክዳኑ ጋር ሆኖ ስለቱ ቆዳን የሚነካበትን ማዕዘን ይወስናል። ቆዳው ወደ ስለቱ እንዳያብጥ ይይዘዋል፣ ማለትም የሚቆረጠውን ጥልቀት ይገድባል። አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ የመቀመጫውን ጠርዝ እንደ ቤት ማገር ያጠነክራል። ዘንጉ ሲነሳ እነዚህ ሥራዎች ወደ ሌላ ይዛወራሉ። መወጠሩ ወደ ግራ እጅ፣ ማዕዘኑ ወደ ቀኝ እጅ አንጓ፣ ማጠንከሩ ዘንጉ ከተቆረጠ በኋላ ወደሚቀረው ጠርዝ። የጥልቀቱ ተረካቢ የለውም።

ያንን የሚቀረውን ጠርዝ ከዚህ በኋላ ከንፈር እንለዋለን። ምላጩ በክዳኑና በመቀመጫው መካከል ጎብጦ ሲያዝ ከሥሩ የሚደገፈው በዚህ ከንፈር ነው። 0.1 ሚሊ ብረት ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ወረቀት ይንቀጠቀጣል፤ የሚጠነክረው ስለጎበጠና ወደ ስለቱ ተጠግቶ ስለተደገፈ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብት ማረጋገጫ ያገኘበት ሐሳብ ዋናው ነገሩ ይኸው ነበር፤ ቀጭን፣ ርካሽ፣ ሲደንዝ የሚጣል ምላጭን በመያዣው ኃይል ማጠንከር። መከላከያ ያለው መላጫ ከእሱ በፊትም ነበር፣ የካምፍ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 የራሳቸውን አስመዝግበዋል። ስለዚህ መከላከያውን ማንሳት የመላጫውን ነፍስ አያጠፋም፤ ከንፈሩን ማበላሸት ግን ያጠፋል።

ጥቅምት 13

መቁረጥ። መቀመጫው በቀጥታ በሞርሳ አይያዝም፣ ይጎብጣል። ከደረቀ ባሕር ዛፍ 6 ሴንቲ በ4 ሴንቲ የሆነ እንጨት ተወስዶ ፊቱ የመቀመጫውን ግርጌ እንዲከተል ተፋቀ፤ መካከሉ በ5 ሚሊ ተበስቶ መቀመጫው በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ ታሰረበት። ሞርሳው የሚነክሰው እንጨቱን ነው። በሞርሳው ጥርስና በእንጨቱ መካከል የተጣጠፈ የመንዝ ባና ቁራጭ ገባ፤ ንዝረቱን ይውጠዋል።

ለቡሎኑ አንድ ማሳሰቢያ። የድሮዎቹ መላጫዎች የቡሎን ጥርስ ውፍረቱ 4.8 ሚሊ ገደማ ሆኖ በኢንች 32 ነው፤ የዛሬው ኤም 5 የሚባለው ባለ 5 ሚሊ ቡሎን ደግሞ ለዓይን ተመሳሳይ ነው። በባዶ ቀዳዳ ማሰር ችግር የለውም፣ የድሮውን እጀታ በአዲስ ክዳን ላይ በግድ ማዞር ግን ጥርሱን ይበላል። ከሁለት ዙር በኋላ ከከበደ ማቆም ነው።

የተለመደው ሴጌቶ እዚህ አይሆንም። ለቆርቆሮ የሚባለው በኢንች 32 ጥርስ ያለው እንኳ በጥርስና በጥርስ መካከል 0.8 ሚሊ አለው፤ መቀመጫው 1.2 ሚሊ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብረቱ ላይ የሚያርፈው አንድ ተኩል ጥርስ ነው። ቢያንስ ሦስት ጥርስ ካላረፈ መጋዙ ይነክሳል፣ ይዘላል፣ ስስ ብረትን ይቀዳል። ብር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት በቀስት የተወጠረ ቀጭን መጋዝ፣ በኢንች 56 ጥርስ ገደማ ያለው፣ ትንሽ ሲያዘነብል ይቆርጣል። በትንሹ አዘንብሎ መጋዝ የሚነካውን ብረት ስለሚያረዝመው ጥርሱ በቁጥር ይበዛል። መጋዙ በሻማ ተቀባ።

የሳሙና መውጫ ቀዳዳዎቹ ሥራውን ያቀልሉታል። ዘንጉ ከመቀመጫው ጋር የተያያዘው በቀዳዳዎቹ መካከል ባሉት ድልድዮችና በሁለቱ ዳር ጫፎች ነው፤ የሚቆረጡትም እነሱ ብቻ ናቸው። ከከንፈሩ በ0.5 ሚሊ ወደ ውጭ በማርከር መስመር ተሰመረ፣ ያ ግማሽ ሚሊ የሞረድ ድርሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ከመካከል ወደ ዳር ነው። መጨረሻው ድልድይ ሲደርስ የመጋዙ ድምፅ ከጥብቅ ፍጨት ወደ ላላ ጩኸት ይለወጣል፤ ዘንጉ መርገብገብ ጀመረ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ዘንጉን በሌላ እጅ ደግፎ በቀስታ መጨረስ ይገባል።

የመጀመሪያው መቀመጫ የጠፋው እዚሁ ላይ ነው። አንድ የዳር ድልድይ ግማሽ ያህል ሲቀረው ዘንጉ በፒንሳ ተይዞ ተጠመዘዘ። ተገነጠለ፤ ነገር ግን ከንፈሩን 0.2 ሚሊ ወደ ታች ይዞት ወረደ። ለዓይን አይታይም። ምላጭ ገብቶ ወደ ብርሃን ሲያዝ ከዳር በኩል በምላጩና በከንፈሩ መካከል የፀጉር ያህል ብርሃን ታየ። በእንጨት ላይ አስተኝቶ በእንጨት መዶሻ መመለስ ተሞከረ፤ ያኛው ሲስተካከል አጠገቡ ጎደጎደ። ይህ መቀመጫ ለመለማመጃ ተቀመጠ። ነሐስ በመጋዝ እንጂ በጉልበት አይለያይም።

ጥቅምት 16

በሁለተኛው መቀመጫ ላይ መሞረድ። የቀረው ግማሽ ሚሊ በደቃቅ ጠፍጣፋ ሞረድ ተወሰደ። የእጁ አቅጣጫ ወሳኝ ነው፦ ምላጭ ከሚያርፍበት የላይኛው ፊት ወደ ታች ብቻ፤ መልሶ መጎተት የለም። ሞረድ ሁልጊዜ በሚወጣበት ወገን ስል የሆነ ቅሪት ይተዋል፤ ቅሪቱ ከታች ከሆነ በወረቀት ይወገዳል፣ ከላይ ከሆነ ምላጩን ከሥሩ ያነሳዋል። 0.05 ሚሊ የምታክል ቅሪት 0.1 ሚሊ ምላጭ ሥር ትልቅ ነገር ናት።

ከንፈሩ ቀጥ ማለቱ እንዴት ታወቀ? ላይኛው ፊቱ በጥቁር ማርከር ተቀባ፤ ያረጀ ምላጭ ገብቶ እጀታው ጠበቀ፣ ምላጩ በስሱ ወደ ግራና ቀኝ ተነቀነቀ፣ ተፈታ። ምላጩ የነካበት ቦታ ላይ ማርከሩ ተፍቆ ቢጫ ያሳያል። በመጀመሪያው ሙከራ ቢጫው ሦስት ቦታ ብቻ ነበር፤ በግራ ዳር፣ ከመካከሉ ትንሽ አለፍ ብሎና በቀኝ ዳር። በመካከላቸው ሁለት ጥቁር ደሴት ቀረ። 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስታወት ቁራጭ ላይ ተጠቅልሎ ከፍ ያሉት ሦስቱ ቦታዎች ብቻ እየታሹ፣ በየአሥር እሽታው ማርከር እየተቀባ ተፈተሸ። በስድስተኛው ፍተሻ ከዳር እስከ ዳር ያልተቋረጠ፣ የክር ያህል ቀጭን ቢጫ መስመር ወጣ። ይህን መስመር ሳያዩ ወደ ቀጣዩ አለመሄድ ነው። የሥራው ሁሉ ዳኛ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚለካው ስለቱ ከከንፈሩ አልፎ የሚወጣው ርዝመት ነው። ይህኛው 1.5 ሚሊ ሆኖ ጸንቷል፤ ጣት ከጀርባው ሲነካው አይረግብም። በተበላሸው መቀመጫ ላይ ለማወዳደር ከንፈሩ ሆን ተብሎ እስከ 2.2 ሚሊ ተገፋ፤ ስለቱ በጥፍር ሲነካ ጮኸ፣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲሄድም ሸካራ መስመር ተወ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአንድ ወገን ተይዞ የወጣ ስስ ብረት መጎበጡ በርዝመቱ ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፤ ከ1.5 ወደ 2.2 መሄድ በርዝመት ግማሽ ያህል ይመስላል፣ በመርገብገብ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ነው "ትንሽ ጨምሬ ላንሳው" ማለት የማይገባው።

የመቀመጫው አራት ማዕዘኖች፣ በተለይ በተቆረጠው ጎን ያሉት ሁለቱ፣ እንደ ስንዴ ፍሬ ጫፍ ክብ ሆነው ተሞረዱ። ማዕዘኑ ስል ከቀረ ፊትን የሚቧጭረው ምላጩ ሳይሆን መቀመጫው ይሆናል።

ጥቅምት 19

ልስላሴ። 400፣ 800፣ 1500፣ 2000 ቁጥር ወረቀት፣ ሁሉም በውኃና በአንድ ጠብታ ሳሙና። በደረቁ አይታሽም፤ የድሮ ነሐስ አንዳንዴ እርሳስ አለበት፣ ብናኙም ወደ ሳንባ ይገባል። እጅ ከሥራው በኋላ በሳሙና ይታጠባል። መጨረሻው በባና ቁራጭና በነሐስ ማጽጃ ቅባት። የሱፉ ሸካራነት ለዚህ ሥራ ከጥጥ ጨርቅ በጣም ይበልጣል፤ ቅባቱን ይይዛል፣ ወደ ቀዳዳዎቹም ይገባል።

የኒኬሉ ሽፋን በተቆረጠበት በኩል ጠፍቷል። በቤት ውስጥ ኒኬል መንከር ይቻላል የሚሉ አሉ፣ የኒኬል ጨው ግን መርዝ ነው፤ ካንሰር የማምጣት ባሕርይም አለው። ሽፋን የፈለገ ለሚነክሩ ባለሙያዎች ይላክ። እኛ ባዶውን ተውነው። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም መቀባት በሞቀ ውኃ አይቆይም፣ ሲላጥ ደግሞ ልጣጩ ከምላጩ ሥር ይገባል።

የተገለጠው ጎን ከሌላው መለየት አለበት፤ ክዳኑ ሲጠብቅ ከላይ ሁለቱ ጎኖች አንድ ናቸው። ያልተቆረጠው ጎን ባለበት የመቀመጫው አጭር ጫፍ ላይ በሦስት ማዕዘን ሞረድ ሁለት ትናንሽ ጭረት ተሠራ። አውራ ጣት ሳይታይ ያገኘዋል፣ ዓይን በሳሙና ቢሸፈንም።

ኅዳር 1

ከፊት በፊት ፊኛ። አዳዲስ ፀጉር አስተካካዮች የሚለማመዱበት መንገድ ነው፦ ፊኛ ተነፍቶ፣ አረፋ ተቀብቶ፣ ሳይፈነዳ አረፋውን መላጨት። ፊኛው የሚነፋው ፈተናው በሚደረግበት ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ምድጃ ካለበት ቤት ተነፍቶ በውርጭ ወደ ቀዘቀዘ ክፍል ከመጣ አየሩ ይኮማተራል፤ ላስቲኩ ይላላል፣ ፈተናውም ዋጋ የለውም።

መከላከያ ባለው ጎን አምስት ፊኛ ተላጨ፣ አንድም አልፈነዳም። በተገለጠው ጎን ከስምንት ሦስቱ ፈነዱ፤ ሁለቱ እጀታው ወደ ፊኛው በጣም ዝቅ ሲል፣ አንዱ መላጫው ወደ ጎን ሲንሸራተት። የ30 ዲግሪ ማዕዘን ለዓይን ለማስለመድ የወረቀት ቀጥ ያለ ማዕዘን በሦስት እኩል ይታጠፋል፤ አንዱ እጥፋት 30 ነው። ከፊኛው ጎን አቁሞ ማየት ይበቃል። ሁለት ፊኛ በተከታታይ ሳይፈነዳ ያላላጨ እጅ ወደ ፊት መሄድ የለበትም።

ኅዳር 4

ፊት ላይ። መነሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እጀታው ከጉንጭ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የክዳኑ አናት ብቻ ቆዳውን ይነካል፤ ከዚያ ስለቱ ጢም መንካቱ እስኪሰማ እጀታው በቀስታ ዝቅ ይላል። እዚያ ይቆማል። የእጅ ክብደት አይጨመርም። አንድ ምት ከ2 ሴንቲ አይበልጥም፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ብቻ። ግራ እጅ ከስለቱ ጀርባ ሆኖ ቆዳውን ወደ ኋላ ይወጥራል፤ ዘንጉ ይሠራው የነበረው ይህ ነው፣ ስለዚህ ግራ እጅ ሲለቅ መላጫውም ከቆዳ ይነሳ። ወደ ጎን አንድ ሚሊ እንኳ መንሸራተት የለም። ስለት ወደ ፊት ሲገፋ ፀጉር ይቆርጣል፣ ወደ ጎን ሲሳብ ግን ሥጋ ይቆርጣል።

ጥሩ የሠራባቸው ቦታዎች ጉንጭ፣ የጆሮ ሥርና ከአገጭ በታች ያለው ቀጥ ያለ አንገት ናቸው። የጢም መስመር በአንድ ምት ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ ስለቱ ያረፈበት ይታያል። በጉሮሮ ጉብታ፣ በላይኛው ከንፈርና በአገጭ ጫፍ ላይ የተገለጠውን ጎን አንመክርም፤ መላጫው ይገለበጥ፣ ባለ መከላከያው እዚያ ይሥራ። ብጉር ያለበት፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህን ጎን ጭራሽ አይንካው።

የኅዳር ጠዋት የራሱ ጣጣ አለው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ አረፋው በሁለት ደቂቃ ጫፉ ይነጣል፤ በነጣ አረፋ ላይ የተገለጠ ስለት ይያዛል፣ ሲያዝ ይዘላል። መፍትሔው አረፋውን ከተለመደው ቀጠን አድርጎ መምታት፣ ግማሽ ፊት ብቻ መቀባት፣ ከዚያ ሌላውን። ብርድ ቆዳን ያኮማትራል፣ ፀጉር በቆመበት ያሉ ትናንሽ ጉብታዎችም ይነሳሉ፤ መከላከያው እነሱን ይደፍጥጣቸው ነበር፣ አሁን ስለቱ አናታቸውን ይቀጥፋል። ሞቅ ባለ እርጥብ ፎጣ ሦስት ደቂቃ መሸፈን ጉብታውን ያወርደዋል። መላጫውም ራሱ ከሞቀ ውኃ ውስጥ ይውጣ። ቀዝቃዛ ነሐስ ጉንጭ ሲነካ ፊት ይሸሻል፣ በዚህ መላጫ ደግሞ ፊት መሸሽ የለበትም።

ትንሽ ከቀጠፈ ሸብ በውኃ አርሶ ግማሽ ደቂቃ መጫን። ሸቡም የአንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህ መላጫ ለፀጉር ቤት አይሆንም። ምላጩ በየሰው ቢለወጥም ደም ወደ ቀዳዳዎቹና ወደ ከንፈሩ ሥር ይገባል፤ በደንበኛና በደንበኛ መካከል 30 ደቂቃ የሚቀቅል የለም። የሚያገለግለው አንድ ሰው ነው።

ኅዳር 10

ሁለተኛው፣ ባለ ጥርሱ። መጋዝ አላስፈለገውም፤ ጥርሶቹ አጭርና ስስ ስለሆኑ በሞረድ ብቻ ወረዱ። ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ጥርስና ጥርስ የሚለያየው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ስለዚህ ጥርሱ እስከ ሥሩ ብቻ ከወረደ ከንፈሩ እንደ መጋዝ ወጣ ገባ ሆኖ ይቀራል፤ ምላጩም በየቦታው ይደገፋል፣ በየመካከሉ ይንጠለጠላል። ማርከሩ ይህን ወዲያው አሳየ፦ ቢጫ ነጥብ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ነጥብ። ስንጥቁ እስኪያልቅ መግፋት ነበረበት፣ ያኔ የስለቱ መውጫ 1.9 ሚሊ ደረሰ። ሠራ፤ ግን ከአንደኛው ይልቅ ረገብ ይላል፣ በወፍራም ጢም ላይም ይሰማል። ደግመን ብንጀምር ባለ ጥርሱን አንነካውም። ጥርሱ ረጅም ጢምን ቀድሞውንም ያሳልፋል፣ የሚነሳበት ምክንያት ያነሰ ነው።

ኅዳር 14

ሦስተኛው፣ ቅይጡ፣ ሞርሳው ገና ሲጠብቅ ከቀዳዳው ጎን ተሰነጠቀ። የስብራቱ ፊት ግራጫና ፍሬ ፍሬ ነው። ባይሰበርም ኖሮ ሽፋኑ ከተነሳ እርጥበት ቅይጡን ነጭ ዱቄት ያደርገዋል።

አራተኛው ተጸድቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሚከፈተው ዓይነት ላይ ዘንጎቹ የመላጫው አጥንት ናቸው፤ የክዳኑ ሁለት ክንፎች የሚዞሩበት የዳር መያዣ ከእነሱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ዘንጉ ከተቆረጠ መያዣው ይላላል፣ ክዳኑ ምላጩን በእኩል አይጫንም፤ ትርፍ መቀመጫ ገዝቶ መመለስም የለም። ደግሞ የዚህኛው ግርጌ ላይ ፊደልና ቁጥር ተመቷል፣ ኢ እና 3። በጂሌት ምልክት ይህ እ.ኤ.አ. የ1959 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ነው። ዕድሜው የታወቀ ሙሉ ዕቃ አይቆረጥም።

ታኅሣሥ 3

ከአንድ ወር አገልግሎት በኋላ። በተቆረጠው ጎን ባዶው ነሐስ ጠቁሯል፣ በሁለት ቀዳዳ ጥግ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጀምሮታል። ምክንያቱ ተፈቶ ሳይደርቅ መቀመጡ ነው፤ ሳሙናና ውኃ በምላጩና በከንፈሩ መካከል በቀጭን ቦታ ይታሰራሉ። አሁን ከእያንዳንዱ መላጨት በኋላ ይፈታል፣ ይለቀለቃል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከንፈሩ በአንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይታበሳል። አረንጓዴው በሎሚና በጨው ተወግዷል፤ ሎሚው ከአንድ ደቂቃ በላይ አልቆየም።

ክፍተትና ከንፈር እንደገና ተለኩ፤ 1.5 ሚሊው አልተለወጠም፣ የማርከሩ መስመርም እንደ መጀመሪያው ቀጥ ያለ ነው። ምላጭ ግን ቀድሞ ከሚለወጥበት በፊት መለወጥ አለበት። መከላከያ ባለው ጎን ሰባት ጊዜ የሚላጨው ምላጭ በተገለጠው ጎን በአራተኛው ላይ መያዝ ጀመረ፤ የደነዘዘ ስለት ይጎትታል፣ የሚጎትተውን የሚገታ ዘንግ ደግሞ የለም። ስለዚህ ለሁለቱም ጎን ልኩ አራት ነው። ያገለገለው ምላጭ ክዳኑ በተሰነጠቀ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ ሲሞላ ተጠፍጥፎ ይቀበራል።

ለጭንቅላቱ ከ2 ሚሊ የበግ ቆዳ ሽፋን ተሰፋ፤ በተገለጠው በኩል ድርብ ነው። ቆዳው በአትክልት ልፋት የተለፋ መሆን አለበት፣ በጨው ብቻ የደረቀው እርጥበት ይስባል፣ ነሐሱንም ያቆሽሻል። መላጫው ልጅ ከማይደርስበት መደርደሪያ ላይ፣ ሽፋኑ ታስሮ ነው የሚቀመጠው።

የቀረው አንድ ትርፍ መቀመጫ ነው። እሱ ላይ ስለቱ ከከንፈሩ አልፎ የሚወጣው 1.3 ሚሊ ይሆናል፣ የሞረድ ድርሻው ከ0.5 ወደ 0.7 ከፍ ይላል፤ የዳር ድልድዮቹም ከመካከለኞቹ ቀድመው ይቆረጣሉ፣ ዘንጉ መጨረሻ ላይ በመካከሉ እንዲንጠለጠል።